የጉትቻው ጆሮ

ባለፈው ሳምንት ልጄ መሠረት መጥታ ከቤት ወሰደችኝ። ወዴት ነው ብዬ አልጠየቅኋትም፤ መሪ መጨበጥ ከተውኩ ወዲህ የሚወስደኝ ካለ እሄዳለሁ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ የመኪና ዕቃ መሸጫ በር ላይ ቆመች። ለካ መኪናዋ ላይ ያንን አሁን ሁሉም የሚያስገጥመውን ስክሪን ልታስገጥም ኖሯል።

አንድ ጎረምሳ ካርቶኑን በምላጭ ቀደደና ከፈተው። ያኔ ሽታው መጣ። አዲስ ፕላስቲክ፣ አዲስ ስፖንጅ፣ የሰው እጅ ገና ያልነካው ዕቃ የሚሸተው ያ ደረቅ ሽታ። ጎረምሳው አሮጌውን ሬዲዮ ከዳሽቦርዱ አወጣና ከጀርባው ያለውን ሶኬት ነቀለ። ከዚያ የስክሪኑን በቦታው ሰካ። ጠቅ አለ።

«ሽቦ አትቆርጥም?» አልኩት።

«ፋዘር፣ አሁን ሽቦ የሚቆርጥ የለም። ሰክቶ መሄድ ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለኝን አልሰማሁትም። እኔ በዚያ ሽታ ተጎትቼ ላምበረት፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪው የከድር ቆርቆሮ ቤት ደርሼ ነበር።

የልጅነት ትዝታ ሲባል ሰው የራሱን ነው የሚያወራው። የእኔ ልጅነት ብዙ የሚወራለት አይደለም፤ ከሦስተኛ ክፍል ወጥቼ መኪና አጠባ ገባሁ፣ አለቀ። ጥርት ብሎ የሚታየኝ ልጅነት የልጄ የመሠረት፣ የመሲ ነው። እሱም ቢሆን ሙሉው አይደለም፤ አንድ ክረምት ነው። በእኛ አቆጣጠር ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ መሲ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰችበት ክረምት ነው። ጨረሰች ከተባለ።

ሰኔ ላይ አስተማሪዋ አስጠራችኝ። ቲቸር ጥሩወርቅ ትባላለች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ እጅጌዋ ላይ ጠመኔ የማይጠፋ ሴት። ክፉ ሰው አልነበረችም። ወንበር ስባ ካስቀመጠችኝ በኋላ ነው የተናገረችው።

«አቶ በቀለ፣ ልጅዎ ሰነፍ አይደለችም። ሰነፍ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። ደብተር አውጡ እላለሁ፤ ሁሉም ያወጣል፤ እሷ መስኮቱን ታያለች። ሰምተሻል ስላት ራሷን ነቅንቃ አዎ ትለኛለች። ከዚያ አታደርገውም።»

«አዎ ትልና?»

«አዎ ትልና አታደርገውም። በቃል ስጠይቃትም ዝም ነው። ንቀት ነው የሚመስለኝ፣ ምን ልበልዎት። ዘንድሮ አላሳለፍኳትም። መስከረም ላይ ይዘዋት ይምጡና እንነጋገር፤ ግን በዚሁ ከቀጠለች እዚህ ከምትደክም ሌላ ነገር ቢያስቡላት…»

አልጨረሰችውም። ሌላ ነገር ማለት ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። የእኔንም አባት እንዲሁ ብለውት ነው ጨርቅና ባልዲ የያዝኩት።

ሚስቴ ወይንሸት ስትሰማ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። እሷ ያን ጊዜ ቦሌ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ አንሶላ ታጥብ ነበር፤ ጧት ወጥታ ሲመሽ ነው የምትገባው።

«ናዝሬት እህቴ ጋ እንላካታ» አለች። «ሱቅ ላይ ታግዛታለች፣ ሥራ ትለምዳለች።»

«እስከ መስከረም እንይ» አልኳት።

ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ቤት ሰው የለም፤ ስለዚህ መሲ ያን ክረምት ታክሲዬ ውስጥ ከረመች። ሰማያዊና ነጭ ላዳ ነበረችኝ። መሲ በቀኜ፣ ከፊት ወንበር ላይ፣ እግሯ መሬት ሳይደርስ ትቀመጣለች። ግራ ጆሮዋ ላይ ትንሽ የወርቅ ጉትቻ አለች። አንዲት ብቻ ናት። ሕፃን ሆና ሁለቱም ተበስተው ነበር፤ የቀኙ መግል ያዘና ወይንሸት አወለቀችላት፤ ቀዳዳው ተደፈነ። እኔ ከመሪው ሆኜ ዞር ስል ሁልጊዜ የማየው ያቺን ጉትቻ ነው።

ሥራችን ከመድኃኔዓለም ወደ ገርጂ፣ ከገርጂ ወደ መገናኛ ነው፤ ሰው ከተገኘ ቡልቡላ ድረስ። ያኔ ቡልቡላ ገጠር ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጀርባ እርሻ፣ ጭቃ፣ ጤፍ፣ ጭቃ ውስጥ የቆሙ ከብቶች። ጭቃው ጎማዬን ሲይዘው ገበሬዎች መጥተው ይገፉኛል። መሲ ያኔም እንኳን ከመስኮቱ ዓይኗን አትነቅልም።

እኔ ደግሞ ወሬ እወዳለሁ። ታክሲ ነጂ ወሬ ካልወደደ ምን ይሠራል? የማየውን ሁሉ እነግራታለሁ። እሷ አንገቷን ትነቀንቃለች። አንድ ቀን የአህያዋን ታሪክ ነገርኳት። ዝናብ ካባራ በኋላ አንድ የቡልቡላ ሰው ጭድ የጫነች አህያ ይዞ መጣ፤ አስፋልቱ ሲያብለጨልጭ አህያዋ ውኃ መሰላትና አልሻገርም አለች። ቢጎትታት፣ ቢገፋት፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ጋቢውን አውልቆ አስፋልቱ ላይ አነጠፈላት። እሷም ጋቢው ላይ ወጥታ ቆመች፤ ጋቢው ደግሞ ያለቀው መሐል መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ትራፊክ ፖሊሱ ምን እንዳደረገ ነገርኳት። በዓይኔ ያየሁት ነው፤ ሳወራው ራሴ መሪው ላይ ተደፍቼ ነው የምስቀው። መሲ አንገቷን ነቀነቀች። አልሳቀችም።

እውነት ቲቸሯ የምትለው ይሆን እንዴ አልኩ በልቤ።

ሌላም ነገር ነበራት። ቦሌ ውስጥ አውሮፕላን በራስህ ላይ ነው የሚያልፈው። ድምፁ ሲመጣ ሁላችንም ወደመጣበት ቀና እንላለን፤ መሲ ሁልጊዜ በሌላ በኩል ነው የምትፈልገው። ዞራ ዞራ በኋላ ታገኘዋለች።

«ምነው መሲዬ፣ በዚያ እኮ ነው» ስላት፣

«አውሮፕላን ድምፁን ጥሎ ነው የሚሄደው» አለችኝ።

ይህን ስታወራ ደስ አለኝ። ጭንቅላቷ ይሠራል ማለት ነው። ታዲያ ለምንድን ነው የማታዋራኝ?

ተራ ስንጠብቅ አንድ ጓደኛዬ ጉዳዩን ሰማና «ልጅ ዝም ስትል ዘፈን ነው መድኃኒቱ» አለኝ። «ቴፕ አስገጥምላት። ላምበረት ከድር ጋ ሂድ፤ ከዱባይ የመጣ አለው።» መድኃኒት ይሆናል ብዬ ሳይሆን፣ ከእኔ ወሬ ቢሻላት ብዬ ሄድኩ።

ከድር ያኔ ወጣት ነው፤ ከወሎ የመጣ፣ ሳቂታ፣ ከቆርቆሮ በሠራት ጠባብ ቤት ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ። ትንሿን ካቻቢቴ ሁልጊዜ ከጆሮው ጀርባ ነው የሚሰካት። ካርቶኑን ሲከፍት ያ ሽታ ወጣ፤ መሲ አፍንጫዋን ካርቶኑ ውስጥ ከተተች።

«ጋሽ በቀለ፣ በፊት ቴፕ መግጠም ማለት የመኪናዋን አንጀት መዘርገፍ ነበር» አለኝ። «ሽቦ መላጥ፣ መጠምዘዝ፣ በናስትሮ መጠቅለል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ጭስ። ይሄ ግን ከነሶኬቱ ነው የመጣው። ሰክቶ መሄድ ነው።»

«ላዳ እንዲህ ዓይነት ሶኬት የላትም እኮ።»

«አገናኝ አለኝ። አንዱ ጫፍ ለላዳዋ፣ አንዱ ጫፍ ለቴፑ። አልተዋወቁም ነበር፤ ዛሬ እድራቸዋለሁ።»

ሁለት ስፒከር ገጠመ፤ አንዱን በእኔ በር፣ አንዱን በመሲ በር። ሁሉም በሶኬት ነው። የመጨረሻዋ የመሲ በር ስፒከር ሶኬት ከዳሽቦርዱ ስር፣ በጣም ከውስጥ ነበረች፤ የከድር እጅ አልገባም አለ።

«የት አለች ባለትንሽ እጇ?» አለ። «ነይ እስቲ አንቺ። በዚህ ጠልቀሽ ግቢ። እኔ ከላይ ይዤልሻለሁ፤ አንቺ ከስር ግፊው። ጠቅ ሲል ተይው። ጠቅ ሳይል እንዳትተይው።»

መሲ ወለሉ ላይ በጎኗ ተጋደመች፤ ቀኝ ጉንጯ ምንጣፉ ላይ፣ ጉትቻዋ ወደ ላይ። ገፋች።

«ጠቅ አለ?» አለ ከድር።

ከስር ጭንቅላቷ ሲነቃነቅ አየሁ።

«አለ» አልኩት እኔ።

ከድር ካሴት ከተተ፤ የወሎ ዘፈን ነው፤ በእኔ መስኮት በኩል ተደግፎ እያዳመጠ በትከሻው ትንሽ ተወዛወዘ። ዝናቡ እየመጣ ነበር፣ ሌላ ደንበኛም ጡሩምባ እየነፋ ቆሟል። ከመሄዳችን በፊት ግን አንድ ነገር አሳየን። የቴፑን ፊት በአንድ ጣቱ ተጭኖ ላጥ አደረገው። ከነቁልፎቹ፣ ከነመብራቱ እጁ ላይ ቀረ፤ ዳሽቦርዱ ላይ ጥቁር ጉድጓድ ብቻ።

«ሲያቆሙ ይህን ነቅለው ይዘው ይግቡ። ፊት የሌለው ቴፕ ሌባ አይነካውም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊቱን መንቀልና መግጠም የመሲ ሥራ ሆነ። ማታ ስንገባ ነቅላ በወይንሸት ሻሽ ትጠቀልለዋለች፣ በሁለት እጇ ይዛ እንደ ዳቦ ቤት ታስገባዋለች፤ ቁም ሣጥን ላይ ታስተኛዋለች። ጧት ደግሞ መልሳ ትገጥማለች። ሌላ ሰው እንዲነካው አትፈቅድም።

«አባዬ፣ ፊቱን ስነቅለው ያመዋል?» አለችኝ አንድ ጧት።

«አያመውም። ይተኛል እንጂ።»

አንገቷን ነቀነቀች። ያመነችኝ ግን አልመሰለኝም።

ዘፈኑን ዝቅ አድርጌ ነበር የምከፍተው፤ ተሳፋሪ አለ፣ አንዱ ይወዳል፣ አንዱ ጸሎት ላይ ነኝ ይላል። ጥቂት ቀን አለፈ። መሲ ያው መስኮቷን ከፍታ ውጭ ውጭውን ታያለች። አንድ ከሰዓት ከቡልቡላ ስንመለስ ዞር ብላ፣

«አባዬ፣ ቴፑ መቼ ነው የሚዘፍነው?» አለችኝ።

እየዘፈነ ነው። ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

«ለአንተ ብቻ ነው የሚዘፍነው» አለች። «እኔን አኩርፎኛል። ፊቱን ስለምነቅለው ነው።»

በማግስቱ የራሷን መላ ዘየደች። ወንበሩ ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ የወንበሩን ጀርባ አቅፋ፣ ፊቷን ወደ ኋላ አዞረች። ጥቂት ቆየችና ሳቅ አለች።

«ሳላየው ይዘፍናል» አለችኝ። «አፍሮ ነው።»

ከዚያ ወዲህ ወደ ኋላ እየተመለከተች ሆነ የምትሄደው። ተሳፋሪ ሲገባ ፊት ለፊት ይገጥማታል። አንዲት የገርጂ ወይዘሮ ቅርጫታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ትንሽ አዩዋትና፣

«ይቺ ልጅ ምነው የኋሊት ነው የምትጓዘው?» አሉኝ።

«ቴፑ አኩርፏት ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

«እኔንም ሬዲዮ ያኮረፈኝ ነው የሚመስለኝ፤ ደስ የሚል ነገር አውርቶልኝ አያውቅም» አሉና ከመሲ ጋር ወሬ ያዙ። መሲም መለሰችላቸው። ስሟን፣ የቲቸሯን ስም፣ የቴፑን ፊት እንዴት እንደምታስተኛው፣ ሁሉንም። እኔ ከመሪው ሆኜ «ክፍልሽንስ ንገሪያቸው» ስል፣ እሱንም ወዲያው ሰምታ መለሰች። ደነቀኝ። ክረምቱን ሙሉ ያላዋራችኝ ልጅ ወደ ኋላ ስትዞር ታዋራኛለች። ጉዳዩ እዚያው ፊቴ ተቀምጦ ነበር፤ እኔ ግን ልጅ መቼም ጠባዩ ብዙ ነው ብዬ አለፍኩት።

ወይዘሮዋን አውርጄ እኔ ራሴ በመሲ ወንበር ተቀምጬ አዳመጥኩ። የእሷ በር ስፒከር ድምፅ የለውም። ለካ ልጅቷ እውነቷን ነው። መኪናዋን አዙሬ ወደ ላምበረት ሄድኩ።

ከድር እንደምንም እጁን አሹልኮ ከዳሽቦርዱ ስር ዳበሰና ሳቀ። «ግማሽ መንገድ ላይ ነው የቆመው። ጠቅ አላለም።» ገፋው። ጠቅ አለ፤ እኔ ከውጭ ቆሜ ሰማሁት።

«መሲ፣ ጠቅ አለ አላልሽኝም ነበር?» አላት ከድር።

መሲ አንገቷን ነቀነቀች።

«አሁን እንፈትነው። ግቢ ቦታሽ» አላት። ከጎን ላሜራ የሚቀጠቅጡ ሰዎች ነበሩ፣ በመሲ መስኮት በኩል፤ ቀጭ ቀጭ ይላል። ከድር ከእኔ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈኑን ዝቅ አድርጎ ከፈተ። ቴፑ ድምፁን ከአንዱ ስፒከር ወደ ሌላው የምታዞር ማዞሪያ አለችው። ወደ መሲ በር አዞራት።

«መጣ» አለች መሲ፤ ፊቷ በራ።

ወደ እሱ በር መለሳት።

«ሄደ።»

«የት ሄደ? እየዘፈነ እኮ ነው።»

«ሄደ» አለች።

ወደ ቀኝ። «መጣ።» ወደ ግራ። «ሄደ።» እኔ በከድር መስኮት ጎንበስ ብዬ ነው የቆምኩት፤ ሁለቱንም ጥርት አድርጌ እሰማለሁ።

«ጋሽ በቀለ፣ ልጅዎ እያሾፈችብን ነው» አለ ከድር እየሳቀ።

እኔ ግን መሳቁ አልመጣልኝም። አንገቴን በመስኮቱ አስገባሁና በጉትቻዋ በኩል፣ ድምፄን ሳልጨምር፣ «መሲ፣ ኬክ ልግዛልሽ?» አልኩ።

መሲ የከድርን እጅ እያየች ነው። ኬክ ሲባል ከእንቅልፏ የምትነሳ ልጅ ናት።

መኪናዋን ዞሬ በሯን ከፈትኩ፤ ጎንበስ ብዬ በዚያው ድምፅ፣ «መሲ፣ ኬክ ልግዛልሽ?»

«ባለ ክሬሙን?» አለች።

ከድር ዘፈኑን ዘጋው። በጉልበቴ ጭቃው ላይ ተቀመጥኩና ጉትቻዋን በጣቴ ነካሁ።

«መሲዬ፣ በዚህኛው አትሰሚም?»

አየችኝ። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው ዓይነት።

«ያኛው የጉትቻ ነው» አለች።

«እንዴት?»

«አንዱ የመስሚያ ነው፣ አንዱ የሌላ ነገር ነው። ሱቅ ስልክ ሲያወሩ አላየህም? ሁሉም ሰው በአንዱ ብቻ ነው የሚያወራው። የጋሽ ከድር ሌላኛው የካቻቢቴ ነው። የኔ የጉትቻ።»

ከድር እጁን ወደ ጆሮው ሰደደና ካቻቢቴዋን ቀስ ብሎ አወረዳት። ኪሱ ከተታት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከጆሮው ጀርባ ሰክቷት አላየሁም።

ኬኩን ገዛሁላት። ባለ ክሬሙን። ስትበላ ቀኝ ጎኗ ሆኜ ነው ያየኋት።

ሐኪሙ ብዙ አልፈጀበትም። ሕፃን እያለች ትኩሳት ነበረባት ወይ አለን፤ ነበረባት። የግራው አይመለስም፣ የቀኙ ግን ደህና ነው፣ ሰው በአንዱም ተምሮ ይኖራል አለ። ወይንሸት መንገዱን ሁሉ አለቀሰች። ቤት ስንገባ ዓይኗን ጠረገችና ማበጠሪያ አነሳች። የመሲን ፀጉር ከቀኝ ጆሮዋ ላይ ሰብስባ ወደ ኋላ ሠራችላት።

«ይሄ በር ክፍት ይሁን» አለች።

መስከረም ጠባ። ናዝሬት ያለችው እህቷ አልጋ አዘጋጅቻለሁ ብላ ልካለች። እኔና መሲ በላዳዋ ትምህርት ቤት ሄድን፤ የሐኪሙ ወረቀት ደረት ኪሴ ውስጥ ነው። ቲቸር ጥሩወርቅ አነበበችው፣ አጠፈችው።

«አዝናለሁ፣ አቶ በቀለ» አለች። «ግን እኔ እኮ ስጠራት የምትሰማበት ቀን አለ። አጠገቧ ቆሜ ስናገር ደግሞ የማትሰማበት አለ። አንዱ ጆሮ ደህና ከሆነ ይሄ ከምን መጣ?»

እኔ የተማረ ሰው አይደለሁም። ከመሪው ላይ ካልሆንኩ ወሬዬም አይሰካም።

«ቲቸር፣ ካላስቸገርኩዎት መኪናዬ ውስጥ ይግቡልኝ» አልኳት።

«ወዴት ልንሄድ?»

«የትም አንሄድም።»

ተማሪዎቹ እያዩ ስለሆነ ትንሽ አፈረች፤ ገባች ግን። በመሲ ወንበር አስቀመጥኳት። መስኮቱን ከፈትኩት፤ ግቢው ውስጥ ልጆች ይጫወታሉ፣ ይጮኻሉ። ግራ ጆሮዎን በጣትዎ ይድፈኑልኝ አልኳት። ደፈነች። እኔ በቦታዬ፣ ከመሪው ኋላ ሆንኩ። መሲ የቴፑን ፊት ከሻሹ ፈትታ ገጠመችልኝ። ዘፈኑን ዝቅ አድርጌ ከፈትኩና ማዞሪያዋን ወደ እኔ በር አዞርኳት። ከዚያ ወደ ፊት እያየሁ፣ ተሳፋሪ እንደማዋራ፣ «ደብተርሽን አውጪ» አልኩ።

ቲቸር ጥሩወርቅ ዞራ አየችኝ። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ ያየች ይመስለኛል፤ ልጆቹ ግን ይጮኻሉ።

«ምን አሉኝ?»

ደገምኩት፤ በዚያው ድምፅ።

ሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ ያሳፍራል። ሰው አክባሪ ናት። ፈገግ አለችና አንገቷን ነቀነቀች።

ነቅንቃ ሳትጨርስ ቆመች። ጣቷ ጆሮዋ ውስጥ እንዳለ፣ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረች። ከዚያ እጇን አውርዳ ወደ ኋላ ዞረች። መሲ የኋላ ወንበር ላይ ሻሹን እያጣጠፈች ነበር።

«ምን ነበር ያሉኝ?» አለችኝ ቀስ ብላ።

«ደብተርሽን አውጪ ነው ያልኩት።»

ዘፈኑ እስኪያልቅ ተቀመጠች። ከዚያ ወርዳ የኋላውን በር ከፈተችና በመሲ ቀኝ በኩል ገብታ ተቀመጠች። እዚያው ታክሲ ውስጥ ጠየቀቻት። መደመር ጠየቀቻት፣ መቀነስ ጠየቀቻት፣ የወራቱን ስም አስቆጠረቻት። መሲ ሁሉንም መለሰች፤ ጳጉሜን ስትደርስ ብቻ «እሷ ትንሽ ስለሆነች ብትቆጠርም ባትቆጠርም» አለች። ቲቸር ጥሩወርቅ ሳቀች፤ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው።

አምና መሲ የተቀመጠችው በቀኝ በኩል፣ በመስኮቱ አጠገብ ነበር፤ ደህናዋ ጆሮ ወደ መንገዱ፣ የጉትቻዋ ወደ ክፍሉ። ልክ እንደ ላዳዬ። ቲቸሯ እጇን ይዛ ወስዳ በግራው ግድግዳ ጥግ፣ ከፊት አስቀመጠቻት። ክፍሉ ግን ሁለተኛ ክፍል አልነበረም፤ ሦስተኛ ነው። በሩ ላይ ቆሜ አየኋትና ወጣሁ። እኔ ከትምህርት የወጣሁት ከሦስተኛ ክፍል ነው። ለናዝሬት አልጋው ይታጠፍ ብለን ላክን።

ታክሲ ውስጥ ግን ነገሩ እንደዚያ በቀላሉ አልተስተካከለም። ላዳ መሪዋ በግራ ነው፤ ነጂው አባት፣ ተሳፋሪዋ ልጅ ከሆነች ጉትቻው ሁልጊዜ ወደ አባት ነው። ብዙ ዓመት ወደ ኋላ እየዞረች አብራኝ ሄደች። ስታድግ መንበርከኩ ቀረ፣ መኪናዋን አቁሜ አዋራት ጀመር።

ያን ሁሉ ሳስብ ጎረምሳው ስክሪኑን ጨርሶ እያሳያት ነበር። በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና ዘፈኑን ዝቅ አደረገችው። ተነሳን። መድኃኔዓለምን አልፈን ወደ ቡልቡላ ስንታጠፍ ዝናብ ጀመረ፤ ጤፍ የነበረበት ሁሉ አሁን ኮንዶሚኒየም ነው። መሲ ትነዳለች። እኔ በቀኟ ተቀምጬአለሁ። ጉትቻዋ በወዲያኛው በኩል፣ በመስኮቱ ጎን ነች፤ ከዚህ አትታየኝም። የማየው ፀጉር ያልሸፈነውን ጆሮ ነው።

«ምነው ዝም አልክ፣ አባዬ?»

«እዚህች ጋ አንዲት አህያ ነበረች» አልኳት። «አስፋልት አልሻገርም ያለች። ነግሬሽ ነበር።»

«አልነገርከኝም።»

«ነግሬሻለሁ እንጂ።» ከመጀመሪያው ጀመርኩላት፤ ጭዱን፣ ውኃ የመሰላትን አስፋልት፣ ጋቢውን። አህያዋ መሐል መንገድ ላይ፣ የጋቢው ጫፍ ላይ ስትቆም መሲ መኪናውን አቆመች።

«እና?»

«ትራፊክ ፖሊሱ መጣ። ቅጣት ሊጽፍ ነው አልን ሁላችንም። አህያዋን አየ፣ ሰውዬውን አየ፣ የተሰለፈውን መኪና አየ። ከዚያ የዝናብ ልብሱን አወለቀና ከጋቢው ቀጥሎ አነጠፈላት።»

መሲ ሳቀች። መሪው ላይ ተደፍታ፣ ዓይኗን በእጇ ጀርባ እየጠረገች ሳቀች፤ ከኋላችን ያለው ሚኒባስ ጡሩምባውን ቢነፋም አልተንቀሳቀሰችም።

«ኋላስ?» አለችኝ። «ተሻገረች?»